የተቃናው መወርወሪያ

ሀብተሚካኤልን መጀመሪያ ያገኙት የፋብሪካው ዘበኛ አያ ንብረት ናቸው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባዶ ጆንያ እንዲያመጡ ተልከው ወደ ኋለኛው መጋዘን ሄዱ። የሁለተኛውን ሣጥን በር ሳብ ሲያደርጉት ሳያስቸግር ተከፈተላቸው። የታፈነ ትኩስ አየር ፊታቸውን መታቸው። ቀጥሎ ከደፉ ላይ የተዘረጋ የሰው እጅ አዩ።

«የማርያም ያለህ!» ብለው ወደ ኋላ ተንደረደሩ።

ቡሬ ዳር ባለው በዚህ በቆሎና በርበሬ በሚያዘጋጅ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞቹ «ሣጥን» የሚሏቸው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የብረት ክፍሎች አሉ። እህል ይሞላባቸውና በራቸው ዙሪያውን በወፍራም ጎማ ግጥም ብሎ ይዘጋል። አየር አይገባም፣ አይወጣም። ነቀዙ መድኃኒት ሳይነካው ታፍኖ ያልቃል። በሩን ከውጭ ወጥሮ የሚይዘው በቀለበቶች ውስጥ የሚሾልክ፣ የጣት ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት መወርወሪያ ነው። ያን ቀን ግን መወርወሪያው በሩ ላይ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ከመንጠቆው ተሰቅሏል፤ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ።

ኢንስፔክተር ሠርክአዲስ ከፍኖተ ሰላም የመጣችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በተኩስ ምክንያት የተዘጋው መንገድ ቅዳሜ ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ሲከፈት ሾልካ ቡሬ ገባች፤ ከኋላዋ ተመልሶ ተዘጋ። ስልክም ከሐሙስ ወዲህ የለም። ልጇን ጎረቤት ጋ ነው የተወቻት፤ ማታ እመለሳለሁ ብላ። የቡሬ ፖሊስ ኃላፊ ሁኔታዋን አይቶ፣ «እንግዲህ ቡሬ ቆልፋብሻለች፤ ሥራ ልስጥሽ» አላትና ወደ ፋብሪካው ላካት።

ሣጥኑ ውስጥ ገብታ ለመቆም ራሷን ማስገደድ ነበረባት። ግማሹ የበቆሎ ጆንያ ነው። የቀረው ቦታ ሁለት ሰው ቢቆምበት ይጠባል። ሀብተሚካኤል በጎኑ ተኝቷል፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ የእህል ጥራት ተቆጣጣሪ የነበረ ወጣት። አጠገቡ አካፋ ወድቋል። በሩ ጠርዝ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ የአካፋው ምላስ የፋቀውና የሰረጎደው ብረት ይታያል። ሰውዬው ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ከረባቱን ፈትቶ መዳፉ ላይ ጠምጥሞታል።

«አየር አጥቶ ነው የሞተው» አላት ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም። «አርብ ቀን ላይ ይመስለኛል። ትከሻውን ግን ተመልከቺ።»

ቀኝ ትከሻው ጠቁሯል። የመዳፉ ቆዳ ተልጧል።

ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል። «ምስኪን! ለምን እንደገባ እግዜር ይወቀው። በሩ ከኋላው ገጠመበት፣ ጨለማ ነው፣ ደነገጠ፣ መውጫው ጠፋው።»

«በሩ አልጠፋውም» አለች ሠርክአዲስ። «ሲደበድብ የቆየው በሩን ነው።» ወጣችና በሩን ገጠመችው፤ ከዚያ በአንድ እጇ ሳበችው። ተከፈተ። ገብታ አስዘጋችውና ከውስጥ በትከሻዋ ገፋችው። አሁንም ተከፈተ። «ሕፃን ልጅ የሚከፍተውን በር አንድ ጎልማሳ እጁ እስኪላጥ የሚታገለው ለምንድን ነው?»

ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን ከአፍንጫው አወረደ።

አያ ንብረትን ጥላ ሥር አስቀምጣ አነጋገረቻቸው።

«ሐሙስ ዕለት ማን ነበር?»

«ጠዋትማ ሰው ነበረ፣ ልጄ። መብራት ስለሌለ ጀኔሬተሩን አስነሡት። ከዚያ ከሰዓት ተኩስ ተሰማ ሲባል ሁሉም ወደየቤቱ ተበተነ።»

ጀኔሬተሩ የቆመው ከሣጥኖቹ ጀርባ ነው። ሲነሣ ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች እንኳ እየጮኹ ነው የሚነጋገሩት።

«አርብስ?»

«አርብ እኔ ብቻ። ቀኑን ሙሉ በሬ ላይ ነበርኩ።»

«ሲንኳኳ አልሰሙም?»

«ምንም» አሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። ሠርክአዲስ እንደዋሹ ገባት። ምኑን እንደዋሹ ግን አልገባትም።

ለጆንያ የላካቸው የጥገናው ኃላፊ ወንዳወቅ ነበር። የሟቹ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ አንድ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«እኔ ነኝ የላክኋቸው» አለ ሳይጠየቅ። «ማንኩሳ እናቴ ጋ ነበርኩ። ሐሙስ ሄጄ መንገዱ ተዘጋብኝ። ዛሬ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና መጣሁ፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሀብቴን ቤት አጣሁት። ሥራ ላይ ነው ብዬ መጣሁ።»

«መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ማለዳ። ተኝቶ ነው ትቼው የወጣሁት።»

«ጠላት ነበረው?»

«ሀብቴ?» አለ። «ሀብቴ ዝንብ አይነካም።»

ማንኩሳ መታገዱን ሌሎች ተሳፋሪዎችም መሰከሩለት። ሰውዬው የሞተው አርብ ነው። ወንዳወቅ አርብ ማንኩሳ ነው። ሠርክአዲስ ትታው ወደ ሌላው ዞረች።

እሑድ ማለዳ የሟቹ ወንድም እጅጉ ከሽንዲ በእግሩ መጣ። ከኋላው ዘመዶቹ ነበሩ፤ ሁሉም ጋቢ ለብሰዋል፣ ሁሉም ዱላ ይዘዋል። ከፖሊስ ጣቢያው ትይዩ ባለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ሠርክአዲስ ወደ እነሱ ስትሻገር እጅጉ ተነሣላት።

«እኅቴ፣ እኛ ገበሬዎች ነን። ምርመራ አናውቅም። ግን ጠይቀን ደርሰንበታል። አርብ የማርያም ለት ነው። ዘበኛው ቅዳሴ ሲያስቀድስ ያየው ሰው ሞልቷል። በሬ ላይ ነበርኩ ብሎሻል አሉ። ቁልፉ ሁሉ እሱ ጋ ነው። በሬ ካራጁ ይውላል፤ ወንድሜም እንደዚያው።»

«ዋሽተው ሊሆን ይችላል። መዋሸት መግደል አይደለም።»

«እስከ ሰኞ እዚህ እንቀመጣለን» አለ እጅጉ። «ከዚያ እኛው እንጠይቀዋለን።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ዝግ ብሎ የሚነገር ነገር ምን እንደሆነ ሠርክአዲስ ታውቃለች፤ ተወልዳ ያደገችበት ነው።

አያ ንብረትን ከቤታቸው አስመጥታ ጣቢያው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጠቻቸው። በመስኮቱ ፍርግርግ ዋርካውንና ከሥሩ የተቀመጡትን ሰዎች ያያሉ።

«ዋሽተውኛል፣ አባቴ።»

«ዋሽቻለሁ። አርብ በሩን ቆልፌ ቅዳሴ ሄድኩ። ስመለስ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ፤ ወደ ኋላ አልዞርኩም። ሥራዬን ትቼ ሄድኩ ካልኩ ያባርሩኛል ብዬ ነው።» ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። «አሁን ብወጣ ይገድሉኛል። ብቀመጥ ገዳይ ነው ይሉኛል። የት ልግባ፣ ልጄ?»

ወደ ፋብሪካው ተመለሰች።

ሣጥኖቹ ሁለት ናቸው፣ መወርወሪያዎቹም ሁለት። ሁለቱንም ከመንጠቆአቸው አውርዳ ወደ ብርሃን ይዛ ወጣች። በዓይን ሲታዩ መንትያ ናቸው። የሁለተኛው ሣጥን መወርወሪያ መካከሉ ላይ ፈዘዝ ያለ ነገር እንዳለው ጠረጠረች፤ ጨርቅ ያሻሸው የሚመስል። ግን ያ ማስረጃ አይሆንም።

ከወፍጮው አፍ አጠገብ ስታልፍ ብረቱ እጇ ውስጥ ተንቀሳቀሰ።

ቆመች። በቆሎው ወደ ወፍጮ ከመውረዱ በፊት ሚስማርና ሽቦ የሚለቅም ኃይለኛ የማግኔት ሰሌዳ እዚያ ተገጥሟል። መወርወሪያው መካከሉ ወደ ሰሌዳው ሳብ ብሏል። ለቀቀችው፤ ተለጥፎ ቀረ። አላቅቃ ጫፉን አስጠጋች፤ ተንሸራቶ ወደቀ። ሌላኛውን ጫፍ ሞከረች፤ እንደዚያው። መካከሉን ስታስጠጋ ደግሞ ያዘ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሣጥን መወርወሪያ ወሰደች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብታሸው ማግኔቱ ጨርሶ አላወቀውም።

የፋብሪካው ሰው ሁሉ ጎበዝ ባለሙያ ነው፤ ግን ይህን የምትጠይቀው ከፋብሪካው ውጭ የሆነ ሰው ነው። ቡሬ ካለው ካምፓስ ስለ ብረታ ብረት የምታስተምር አምለሰት የምትባል መምህርት እንዳለች ነገሯት። ተማሪዎቹ ተበትነዋል። አምለሰትም እንደ ሠርክአዲስ መንገድ አጥታ፣ ባዶ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻዋን ፈተና ታርማለች።

ሠርክአዲስ ሁለቱን ብረቶች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ያየችውን ነገረቻት። አምለሰት ከመሳቢያ ማግኔት አውጥታ ራሷ ሞከረችው። ከዚያ አንድ ቀጭን የማይዝግ ሽቦ አነሣች።

«ይህን ማግኔት ይስበዋል?»

«አይስበውም።»

አምለሰት ሽቦውን በፒንሳ ይዛ አጠፈችው፣ አቃናችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ ደጋግማ አቃናችው። ቀጥ ሲል ማግኔቱን አስጠጋችለት። የታጠፈው ቦታ ሄዶ ተለጠፈ።

«ብረት ውስጡ ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው» አለች። «ትንሽ ብትገፊው ይለመጥና ስትለቂው ወደ ቦታው ይመለሳል። ከልክ በላይ ከገፋሽው ግን ታጥፎ ይቀራል። ያን ጊዜ ድርድሩ ይለወጣል። ተራ ብረትን ሳይታጠፍም ታጥፎም ማግኔት ይስበዋል። የማይዝገው ግን ሌላ ነው። በተፈጥሮው ማግኔት የማይስበው ብረት፣ በተጎሳቆለበት ቦታ ብቻ ማግኔት የሚስበው ይሆናል።»

«መልሼ ባቃናውስ?»

«ዓይን ታታልያለሽ። ማቃናት ማለት እኮ ሁለተኛ ማጠፍ ነው። ይብስበታል።»

«የሚጠፋበት መንገድ የለም?»

«እስኪግም ድረስ በእሳት ብታግይው ይጠፋል። ግን ቀለሙ ይለወጣል፤ ያየ ሁሉ ያውቅብሻል።»

«ሲገዛም እንዲህ የነበረ ቢሆንስ?»

«ከዚያው ብረት የተቆረጠው መንትያው ምንም የለበትም። ይሄኛው ብቻውን፣ መካከሉ ላይ ብቻ፣ በኃይል ታጥፏል። ከዚያ አንድ ሰው በብርዱ አቅንቶታል።»

«ይህን የሚያህል ብረት በሰው ጉልበት ይታጠፋል?»

አምለሰት ብረቱን በመዳፏ መዘነችው። «ቀለበቶቹ የተቀራረቡ ከሆኑ፣ ጀርባውን ጆንያ ላይ አስደግፎ በእግሩ ከገፋ፣ አካፋውንም እንደ መፈንቀያ ከተጠቀመ… አንድ ጣት ያህል ሊያጥፈው ይችላል።»

«አንድ ጣት ቢከፈት አየር አያገኝም ነበር?»

«ጎማው ወፍራም ነው ብለሽኛል። ተለጥጦ ክፍተቱን ይሞላዋል።» ማግኔቱን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ሀብተሚካኤል ተማሪዬ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነበር።»

ስለዚህ በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር። ሰውዬው ከውስጥ መወርወሪያውን እስኪያጥፈው ታግሏል። ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ብረቱን ነቅሎ፣ አቅንቶ ከመንጠቆው ሰቅሎታል።

እንዲህ ያለ ብረት የሚቃናው ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ነው። ሞርሳው ያለው ጥገና ክፍል ውስጥ ነው፤ የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ ሁለት ሰው እጅ ብቻ ይገኛል። አንደኛው ወንዳወቅ ነው፤ ሰውዬው ሲሞት ግን እሱ ማንኩሳ ነበር። ሁለተኛው አያ ንብረት ናቸው። ያገኘችው እውነት ሽማግሌውን ሊያድናቸው ሲገባ ጥርጣሬውን ይበልጥ አጠበቀባቸው። በዋርካው ሥር ያሉት ሰዎች ይህን ቢሰሙ ሰኞን አይጠብቁም።

አንድ ነገር ብቻ ቀራት፤ የወንዳወቅ ማንኩሳ መሆን። እርግጥ ነው የተባለን ነገር ሳትነካው ማለፍ አልለመደባትም። ከአምቡላንስ በቀር የሚያልፍ መኪና የለም። ክንዱ የሚባለውን ሾፌር ለምና፣ ከጎኑ ተቀምጣ ወደ ማንኩሳ ሄደች። በየኬላው እየቆሙ፣ እየተጠየቁ፣ እየጠበቁ።

የወንዳወቅ እናት ወይዘሮ አስካለ ማርያም ደጃቸው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። እንግዳዋ ከቡሬ ልጃቸው ከሚሠራበት አካባቢ መምጣቷን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«ደኅና ነው ልጄ? ተጨንቄ ነው የሰነበትኩት።»

«ደኅና ነው፣ እናቴ። ሐሙስ እዚህ ነበር?»

«እህሳ! ሐሙስ ከሰዓት መጣልኝ። ኮትና ከረባት ለብሶ፣ ሙሽራ መስሎ።»

«ከረባት?» አለች ሠርክአዲስ።

«ፍኖተ ሰላም ለፈተና ተጠርቶ ኖሯላ። ባሕር ማዶ ልከው ሊያስተምሩት። ለአለቃቸው እንኳ አልነገሩም፤ ይከለክለናል ብለው። ከሁለቱ አንዱን ነው የሚወስዱት አለኝ። ጓደኛው ሀብቴ ሳይመጣ ቀረ፣ ብቻዬን ቀረብኩ አለኝ። ወስደውታል፣ ተመስገን!» እንዝርቱን አቆሙት። «ብቻ ምን እንደሆነ እንጃ። ደስ ሊለው ሲገባ እህል አልቀምስ አለ። መንገድ መንገዱን እያየ፣ አይነጋ አይነጋ ሲል አደረ። ትቶኝ ሊሄድ ስለሆነ ነው የሚጨነቀው ብዬ ዝም አልኩ።»

ሠርክአዲስ የሞተውን ሰው ነጭ ሸሚዝ አሰበች። መዳፉ ላይ የጠመጠመውን ከረባት አሰበች። ማንም ሰው አርብ ቀን ከረባት አስሮ እህል መሀል አይገባም። ሀብተሚካኤል ለፈተናው ለብሶ ነበር። ወደ ፈተናው ሊሄድ ሲል፣ ሐሙስ ማለዳ ነው የተዘጋበት። የሞተው አርብ ቢሆንም በሩ የተቀረቀረው ሐሙስ ነው። ወንዳወቅ አርብ የትም ቢሆን ለውጥ የለውም።

ለሴትዮዋ ምንም አልነገረቻቸውም። የሰጧትን ውኃ ጠጥታ እጃቸውን ሳመች።

ሲመለሱ ክንዱ መንገዱ ዳር ወዳለ ባሕር ዛፍ አመለከተ። «አርብ ጠዋት እዚህ ጋ ነው የቆምኩት። ምጥ የጠናባትን ሴት ልወስድ። ያ የፋብሪካው ልጅ፣ ወንዳወቅ፣ ቃሬዛውን አንሥቶልኝ ነበር። አሳፍረኝ ብሎ ለመነኝ። ከታማሚና ከአንድ አስታማሚ ሌላ አያሳልፉኝም አልኩት። ግን አዘንኩለት።»

«ከዚያስ?»

«ወደ ቡሬ ነው የምሄደው፣ አድርስልኝ የምትለው መልእክት አለ? አልኩት።»

ሠርክአዲስ ወደ እሱ ዞረች። «ምን አለህ?»

«አፉን ከፈተ። የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። እኔም ሞተር አስነሥቼ ስጠብቀው ቆየሁ። ከዚያ፣ የለም፣ ሂድ አለኝ።» ክንዱ ትከሻውን ነቀነቀ። «ምነው?»

አርብ ጠዋት ሀብተሚካኤል በሕይወት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወንዳወቅን ጣቢያው አስጠራችው። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ መወርወሪያዎችና ከአምለሰት የተዋሰችው ማግኔት አሉ። ከውጭ የዋርካው ሥር ሰዎች ይታያሉ።

«ማግኔቱን አንሣና አስኪደው» አለችው።

መጀመሪያ የመንትያውን ብረት ሄደበት። ምንም የለም። ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። ከጫፍ ጀመረ፤ ወደ መካከሉ ሲቃረብ እጁ ራሱ ዝግ አለ። ማግኔቱ ያዘ። ወንዳወቅ ሊያላቅቀው አልሞከረም።

«ብረት ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን ተምረኸዋል» አለች።

«ተምሬዋለሁ» አለ በቀስታ። «ያን ጊዜ አላሰብኩትም። በእሳት ባቃናው ይጠቁራል ብዬ ብቻ ነው ያሰብኩት። በጨርቅ ጠቅልዬ ሞርሳ ላይ ነው ያቃናሁት።»

«የሐሙሱን ከየት ልጀምርልህ?»

«እኔው ልናገር።» ሁለት እጁን ጭኑ መሀል አስገባ። «አብረን ልንሄድ ለባብሰን ወጣን። እሱ ይበልጠኛል። ሁልጊዜም ይበልጠኝ ነበር። እኔ ከዚህ ካልወጣሁ… ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ጥገና ክፍል፣ ከዚህ መንገድ… ይቺ አንድ ቀን ብታልፈኝ ሌላ የለኝም። የሣጥኑ ጎማ ተቀዷል፣ እንየውና እንሂድ አልኩት። ሲገባ ዘጋሁበት። ለመግደል አልነበረም፣ ኢንስፔክተር። ፈተናው እስኪያልፍ ነው። ከሰዓት ተመልሼ ልከፍትለት፣ ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ…»

«መንገዱ ተዘጋ።»

«ተዘጋ። ስልክ የለም። በእግር ልሂድ ብዬ ሁለት ጊዜ ወጥቼ መለሱኝ። ምን ላድርግ? እኔም እኮ ተዘግቶብኝ ነበር!»

«ክንዱ ጠየቀህ።»

ወንዳወቅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሞተር አስነሥቶ ጠበቀህ። ሣጥኑን ክፈቱ ብትል ይበቃ ነበር።»

«ማን ዘጋው ቢሉኝስ?» አለ። ድምፁ የሕፃን ነበር። «ይህን ነው ያሰብኩት። ማን ዘጋው ቢሉኝስ። ምናልባት ሠራተኞቹ ሰምተው ከፍተውለት ይሆናል አልኩ። ቅዳሜ ስመጣ መወርወሪያው ታጥፎ ቀለበቱ ውስጥ ተነክሶ አገኘሁት። መዶሻ ነው የተጠቀምኩት። እያንዳንዷን ምት…» ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋ።

ሠርክአዲስ እስኪረጋጋ አልጠበቀችም። ወጥታ አያ ንብረትን ከክፍላቸው አወጣቻቸውና መንገዱን አብራቸው ተሻገረች። ሽማግሌው ክንዷን አጥብቀው ይዘዋል። እጅጉ ተነሣ፤ ሰዎቹም ተነሡ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው፤ የክንዱንም ጥያቄ አልደበቀችም።

እጅጉ ዱላውን ጥሎ አያ ንብረት ጉልበት ላይ ወደቀ። «ይቅር በሉኝ፣ አባቴ። እጄ በእርስዎ ላይ ሊነሣ ነበር።»

«እግዜር ይቅር ይበልህ፣ ልጄ» አሉና ሽማግሌው እዚያው ቆመው አለቀሱ።

እጅጉ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «አገሩ ማንኩሳ ነው አልሽ?»

«እኔ አላልኩም።»

«ወንድም አለው?»

«ሕግ ይዞታል፣ እጅጉ።»

«ሕግ እሱን ነው የያዘው» አለ እጅጉ። ዱላውን አንሥቶ ወደ ሬሳው ሄደ።

መንገዱ የተከፈተው በማግስቱ ነው። ወንዳወቅ በፒክአፑ የኋላ ወንበር፣ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀመጠ። ሠርክአዲስ ከፊት ነበረች። ማንኩሳ ሲደርሱ አስፋልቱ ዳር አንዲት ሴት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። ሾፌሩ ወደ ሠርክአዲስ አየ፤ «አቁም» አለችው።

አስካለ ማርያም መስኮቱን ይዘው ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

«የሚሉት እውነት ነው?»

ወንዳወቅ ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደበት። «እውነት ነው፣ እምዬ።»

«ቤቴ ተቀምጠህ ሳለ? እንጀራ ሳጎርስህ፣ እምቢ ስትለኝ… ያን ጊዜ ልጁ በሕይወት ነበር?»

«ነበር።»

ሴትዮዋ መስኮቱን ለቀቁ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንሥተው አዘቀዘቁና ለሐዘን አጣፉት። ከዚያ ለልጃቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቡሬ ከሚያቀናው ወገን ተሻገሩ። አንድ እህል የጫነ አይሱዙ እየመጣ ነበር፤ እጃቸውን አነሡለት።

ሠርክአዲስ ከመኪናው ወርዳ ተከተለቻቸው። «እናቴ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«ሽንዲ። ልቅሶ ልደርስ።»

«እዚያ አይሂዱ! ደመኞች ናቸው። ምን እንደሚያደርጉ አይታወቅም። ሽማግሌ ይላኩ፣ ካህን ይቅደም፣ ቀኑ ይርገብ…»

«ቀን እስኪረግብ ነው እኮ ያኛው የሞተው» አሉ አስካለ ማርያም።

አይሱዙው ቆመ። የሾፌሩ ረዳት ወርዶ ክንዳቸውን ደግፎ አሳፈራቸው። ጋቢናው ውስጥ ተደላድለው ተቀመጡ፤ ፊታቸው ወደ መንገዱ ነው። ሠርክአዲስ የጋቢናውን በር እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ለፖሊሶቹ ወንዳወቅን ፍኖተ ሰላም እንዲያደርሱ ጮኻ ነገረቻቸውና ከሴትዮዋ ጎን ወጥታ ተቀመጠች።